ለእንግዳው የሚከፍለው ማን ነው? የቤተሰብ ማደሪያ ታሪክ ከእንጦጦ ሥር



እንግዳን ተቀብሎ ማሳደር ከአገራችን ሕዝብ ጥንታዊ ልማዶች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ይሁን እንጂ ስለ መስተንግዶ በተነገረ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ለእንግዳው ምግብ፥ ለእንግዳው መኝታ፥ ለበቅሎውም ድርቆሽ ወጪውን የሚችለው ማን ነው? የሚለው ነው። የሌሊት ማደሪያ ታሪክ በጥልቅ ቢመረመር የዚህ ጥያቄ ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

በዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ከጉለሌ እንነሣለን። ከጉለሌ የምንነሣበትም ምክንያት አለን። በጉለሌ ራስጌ የቆመው የእንጦጦ ተራራ ባለፉት 140 ዓመታት ውስጥ በየተራ የንጉሥ ከተማ፥ የማገዶ ጫካ፥ የጠበል ስፍራ፥ በመጨረሻም የመዝናኛ መናፈሻ ሆኗል። ስለዚህ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አንድ ሌሊት ከቤቱ ውጭ ለማደር የሚያስብ ሰው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ለመመልከት ከዚህ የተሻለ ሰገነት አይገኝም። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በቀደመው የገጠር ሥርዓት መንገደኛ ሲመሽበት ከደረሰበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ መደብም ይለቀቅለታል። በማግሥቱ ሲነሣ ሒሳብ የሚባል ነገር አይነሣም፤ መንገደኛው ገንዘብ ቢያወጣ እንኳ ባለቤቱን እንደ ማዋረድ ይቈጠርበት ነበር። የዛሬው አሳዳሪ ነገ በተራው መንገደኛ ስለሚሆን ዕዳው ከቤት ወደ ቤት፥ ከዓመት ወደ ዓመት እየተላለፈ ይከፈላል። ለዚህም ልግስና ወሰን እንዳለው አባቶቻችን ያውቁ ነበርና፥ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው መዳብ ነው ይሉ ነበር።

ይህ በባላገርና በባላገር መካከል ሲሆን ነው። የቤተ መንግሥት እንግዳ ሲያልፍ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የንጉሥን ፈቃድ ይዞ ለሚጓዝ መልእክተኛ ወይም የውጭ አገር ሰው ድርጎ የሚባለው ቀለብ በሚያልፍበት አገር ገባር ላይ ይጣል ነበር። እንጀራው፥ በጉ፥ ማሩና ጠጁ የሚወጣው ከዚያው ከገባሩ ጎተራና በረት ነው። በዚያ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች ስለ ድርጎ በየመጽሐፋቸው ጽፈዋል፤ የንጉሡንም ቸርነት አመስግነዋል። በጉን ያወጣው ገባር ግን ስሙ አልተጻፈም። እንግዲህ በነጻ የተሰጠ የሚመስለው መስተንግዶ እንኳ የሚከፍለው ሰው እንደ ነበረው ከዚህ እንረዳለን።

ሴቶችና ልጆችስ? እነርሱም ይጓዙ ነበር፤ ጉዞአቸው ግን ወደ ሠርግ፥ ወደ ተዝካር፥ ወደ ንግሥ በዓል ሲሆን ማደሪያቸውም የዘመድ ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነበር። ባል ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፥ ዘመድ በሌለበት ስፍራ፥ ለዕረፍት ብቻ ሄዶ ማደር ብዙም የሚታወቅ ልማድ አልነበረም።

አሁን ወደ ተራራው እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት በእንጦጦ አናት ላይ ሲከትሙ የአብዛኛው ሠራዊት ማደሪያ ድንኳንና ጎጆ ነበር። እያንዳንዱ መኰንን ጭፍሮቹን በዙሪያው አስፍሮ ይቀመጥ ነበርና፥ በኋላ በአዲስ አበባ በመኳንንት ስም የተጠሩት ሰፈሮች የዚሁ የጦር ሰፈር ሥርዓት ቅሪቶች ናቸው። ለእንግዳውም ለሠራዊቱም ግብር የሚያበሉት ንጉሡ ነበሩ። የግብሩ ምንጭ ግን ከየአገሩ የሚመጣው እህል፥ ማርና ከብት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ይሁን እንጂ ተራራው ለኑሮ የሚመች አልሆነም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ስላለው ነፋሱና ብርዱ ይጸናል፤ ማገዶውም ከቀን ወደ ቀን እየራቀ ሄደ። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ወደ ፍልውኃ እየወረዱ መታጠብንና በዚያ መሰንበትን አዘወተሩ። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ብጡል በፍልውኃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ከታች ያለችው አዲሲቱ ከተማ ገና በማደግ ላይ ነበረች።

አንባቢዎች ሆይ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልብ በሉ። የዋና ከተማችን መነሻ ምሽግ ወይም የገበያ ቦታ አልነበረም፤ ከብርድ አርፎ በሙቅ ውኃ ለመታጠብ የተወረደበት ሜዳ ነበር። አንድ ቤተሰብ ከዘወትር ማደሪያው ወጥቶ ለጤናውና ለደስታው ሌላ ስፍራ የሰነበተበት ጉዞ ከተማ ወለደ። ስለዚህ ለቤተሰብ ዕረፍት መውጣት ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚል ሰው ቢኖር የአዲስ አበባ አመሠራረት ራሱ መልስ ይሰጠዋል። የጎደለው ልማዱ አይደለም፤ የጎደለው ይህ ዕድል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ቤት መድረሱ ነበር።

ወደ ተራው ሰው የመድረሻው በር የተከፈተው በገንዘብ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ እቴጌ ጣይቱ በአራዳ አንድ ሆቴል አሠርተው ከፈቱ። ይህ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት አደጋ ከፊሉ ቢቃጠልም ታሪኩ አልጠፋም። በጊዜው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር መኳንንቱ ወደ ሆቴሉ ለመግባት ያፍሩ እንደ ነበር ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱም መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፥ በልተው፥ ሒሳቡን ከፍለው ሲያበቁ ሌሎቹም በየተራቸው እንዲህ እንዲያደርጉ መከሩ ይባላል።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት እንግዳ ለመሆን ዘመድ ወይም ማዕረግ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዋጋውን የከፈለ ሁሉ እንግዳ ሆነ፤ ገባሩም ስለማያውቀው እንግዳ በጉን አላወጣም። ሒሳብ መክፈል ያሳፍር የነበረውን ያህል፥ የሚከፍል ሰው ማንንም ሳያስቸግር ራሱን ችሎ የማደር ክብር አገኘበት።

ከዚያ በኋላ ሆቴሎች በዙ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ከጅቡቲ የሚመጣው ነጋዴና መልእክተኛ ማደሪያ ፈለገ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በየከተማው ሆቴልና ቡና ቤት ተከፈተ፤ ነገር ግን ወራሪው ሰውን በዘር የሚለይ ደንብ አውጥቶ ስለ ነበር ባለ አገሩ በገዛ አገሩ ከእንግድነት ተከለከለ። ከነጻነት በኋላ፥ በተለይም በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ፥ ለጉባኤ የሚመጡትን እንግዶች የሚያስተናግዱ ታላላቅ ሆቴሎች አስፈለጉ። የሒልተን ሆቴል በ1962 ዓ.ም. የተከፈተው በዚሁ መንፈስ ነው። በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት በ1950ዎቹ የተጀመረው የቱሪዝም ሥራም «የ13 ወር ፀሐይ» በሚለው መጠሪያ አገራችንን ለዓለም ሲያስተዋውቅ በዋነኛነት የሚጠብቀው የውጭ አገር ጎብኚን ነበር። ይህም ለአገር ገቢ የሚጠቅም መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን የአገሩ ሰው፥ ያውም ደመወዝተኛው፥ ሆቴል ሲባል ለሌላ ሰው የተሠራ ቤት አድርጎ እንዲመለከተው ሳያደርግ አልቀረም።

ለመካከለኛው መንገደኛ የነበረው ማደሪያ ደግሞ ሌላ ነው። በአማርኛችን ለሌሊት ማደሪያ የሚሻ ሰው «አልጋ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ አነጋገር የዘመኑን ታሪክ በውስጡ ይዟል። አልጋ የአንድ ሰው ስፍራ ነው፤ ለነጋዴ፥ ለሾፌር፥ ለጉዳይ ወደ ከተማ ለመጣ ባለ አቤቱታ የሚበቃ ነው። ከጉለሌ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሰላሌና ወደ ጎጃም የሚሄደውንም መንገደኛ ያሳድር የነበረው እንዲህ ያለው ቤት ነው። በብዙ ስፍራ አልጋው የሚገኘው ከመሸታ ቤቱ ጓሮ ወይም ከፎቁ ላይ በመሆኑ፥ አባወራ ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ ለመግባት ያመነታል። ቢገባም ሒሳቡ በአልጋ ቍጥር ስለሚቈጠር ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ የሦስት ሰው ወይም የአራት ሰው ዋጋ ይጠየቃል። ስለዚህ የቤተሰብ ማደሪያ ጉዳይ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ጠባይና የሒሳቡ አቈጣጠር ጉዳይም ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ስፍራ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በአዋሽ ዳር የሚገኘው የሶደሬ ፍልውኃ የብዙ አዲስ አበባ ልጆች የመጀመሪያ መዋኛ ነበር። አቶ በቀለ ሞላ በደቡብ መንገድ ላይ፥ በዝዋይ፥ በላንጋኖ፥ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ያቋቋሟቸው ሆቴሎችም ለሐይቅ ጎብኚዎች በር ከፍተዋል። በደርግ ዘመን ብዙ ሆቴሎች በመንግሥት እጅ ገብተው በግዮን፥ በራስና በዋቢ ሸበሌ ስሞች በየድርጅቱ ተደራጁ። የሆነ ሆኖ እነዚህ ሁሉ ከጉለሌ ሩቅ ናቸው፤ መጓጓዣው ብቻ ከመኝታው ዋጋ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

በጉለሌ ራስጌ ግን ሆቴል ያልተባለ የቤተሰብ ማደሪያ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል፤ እርሱም የጠበልተኛ ማደሪያ ነው። ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚመጣ ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም፤ እናት፥ እኅት ወይም ልጅ አስታማሚ ሆና ትከተለዋለች። ሳምንታትን፥ አንዳንዴም ወራትን ይሰነብታሉ። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ በሽታ በጸናበት ወቅት ከየክፍለ ሀገሩ ብዙ ሰው ወደዚህ ተራራ ሲመጣ በአካባቢው ነዋሪዎች ዘንድ አነስተኛ ክፍል ተከራይቶ ይቀመጥ ነበር። አከራዩ ሀብታም አይደለም፤ ተከራዩም እንደዚሁ። ምጣዱን ይጋራሉ፤ ስንቅ የያዘ ስንቁን ያበስላል፤ ዋጋውም በአንድ ክፍል እንጂ በራስ ቍጥር አይደለም። ሊቃውንት የቤተሰብ ሆቴል ብለው ከሚገልጹት ነገር ዋና ዋናው ሁሉ በዚህ ይገኛል።

በሌላውም ዓለም ነገሩ የተጀመረው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ችግር ነው። በእንግሊዝ አገር ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሠራተኛ ያርፍባቸው በነበሩት ቤቶች ባለቤቶቹ ቁርስ ካበሉ በኋላ እንግዳውን እስከ ማታ ድረስ ከቤት ያስወጡት ነበር፤ ዝናብ ቢዘንብ ልጆች በጎዳና ይንከራተታሉ። ይህን የተመለከተ ቢሊ በትሊን የተባለ ሰው በ1928 ዓ.ም. ስኬግነስ በተባለ ስፍራ መኝታው፥ ምግቡና ጨዋታው በአንድ ዋጋ የሚገኝበት የዕረፍት መንደር ከፈተ። ዋጋውንም ሲወስን የአንድ ሳምንት ዕረፍት በአንድ ሳምንት ደመወዝ እንዲሆን አሰበ። ይህ ሰው ዋጋን የለካው በሠራተኛው ኪስ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በአሜሪካም ኬመንስ ዊልሰን የተባለ የሜምፊስ ነጋዴ በ1943 ዓ.ም. ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ይዞ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ በየመንገዱ ያሉ ማደሪያዎች ለእያንዳንዱ ልጅ 2 ዶላር ጭማሪ ጠየቁት። በዚህ ተቈጥቶ በማግሥቱ ዓመት፥ በ1944 ዓ.ም.፥ ሆሊዴይ ኢን የተባለውን የመጀመሪያ ሆቴሉን ሠራ፤ ከወላጆቻቸው ጋር ለሚያድሩ ልጆችም ጭማሪ እንዳይጠየቅ ደነገገ። ያ ደንብ ሆቴሉን በዓለም ካሉት ታላላቅ ሆቴሎች ተርታ ካሰለፉት ነገሮች አንዱ ነው። ልጅን በነጻ ማሳደር ኪሳራ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አልጋው አስቀድሞ ተነጥፏል፥ ክፍሉም ተከራይቷል፤ ልጁ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ሲሆን ይዞት የሚመጣው ቤተሰብ ግን ሙሉ ነው።

ዋልት ዲስኒ በ1947 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ በአናሃይም ከተማ፥ ዲስኒላንድ የተባለውን ታላቅ የመዝናኛ መናፈሻ ሲከፍት ለሆቴል የሚሆን ገንዘብ አልተረፈውም ነበር። ስለዚህ ሆቴሉን ሌላ ባለ ሀብት እንዲሠራ ጠየቀ፤ ያም በ1948 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፈተ። ከመናፈሻው አጥር ውጭም አነስተኛ ማደሪያዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ድርጅቱ በኋላ በፍሎሪዳ እጅግ ሰፊ መሬት ገዝቶ በ1964 ዓ.ም. ሁለተኛውን መናፈሻ ሲከፍት በክልሉ ውስጥ የራሱን ሆቴሎች ሠራ፤ ሆኖም በዋጋቸው ዝቅ ያሉትን የቤተሰብ ሆቴሎች በዚያው ክልል መክፈት የጀመረው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1986 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከመናፈሻ በር ውስጥ የሚገኝ ማደሪያ ዘወትር ይወደዳል፤ ብዙውን ቤተሰብ የሚያሳድረው ከበሩ ውጭ ያለው ጎረቤት ነው።

አሁን ይህን ትምህርት ይዘን ወደ ጉለሌ እንመለስ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ወደ 700 ሄክታር በሚሆን ስፍራ ላይ የአገራችንን ዕፅዋት ያለማል፥ ለጎብኚም ያሳያል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ መናፈሻ ተመረቀ። ወደ 1,300 ሄክታር የሚሸፍነው ይህ መናፈሻ የእግርና የብስክሌት መንገዶች፥ የፈረስ ግልቢያ፥ በገመድ ላይ የመንሸራተት ጨዋታ፥ የምግብ ቤቶችና የማደሪያ ድንኳኖች ያሉበት ሆኖ ተዘጋጀ። ትናንት የጉለሌ እናቶች ከባሕር ዛፉ ሥር ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱበት የነበረው ተራራ የልጆች መቦረቂያ መሆኑ ማንንም የሚያስደስት ነው።

ድንኳንም ወደ እንጦጦ ተመለሰ። ነገር ግን የምኒልክ ዘመን ድንኳን የወታደሩ ሁሉ ማደሪያ ሲሆን የዛሬው ድንኳን ለተመቻቸለት ሰው የተዘጋጀ ነው። ይህን ስንል አሠሪውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ባማረ ስፍራ ያማረ ማደሪያ መኖሩ ተገቢ ነው። የምንለው ከእርሱ ጎን ለጎን ሁለተኛው ዓይነት ያስፈልጋል ነው። ለዚህም ከሽሮ ሜዳና ከአዲሱ ገበያ የቀረበ ሰፈር የለም። ሽሮ ሜዳ በጥበብ ልብስ ሥራው የታወቀ ነው። ንጹሕ የሆነ፥ መሸታ የሌለበት፥ አራት አልጋ በአንድ ክፍል የያዘ፥ ዋጋው በክፍል የሚቈጠር፥ ስንቅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ምድጃ የማይከለክል የእንግዳ ቤት በዚያ ቢከፈት፥ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ መምህርና ጸሐፊ የሌሊት ማደሪያ፥ ለጉለሌ ነዋሪም የሥራ በር ይሆናል። ለጠበልተኛ ክፍሉን ሲያከራይ የኖረ ሰው ሥራውን አያጣውም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ በእጃችሁ ያለ አንድ ሀብት አላችሁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ሰጥቶ፥ በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 የሥራ ቀን እንዲደርስ ፈቅዶ ነበር። ይህ ዕረፍት ብዙ ጊዜ በቤት ጥገና፥ በለቅሶና በሠርግ ያልቃል። ነገር ግን የሥራ ቀን ዕረፍት ነጋዴው የሌለው ጥቅም አለው። ሆቴሎች የሚሞሉት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕ ክፍሎች ባዶአቸውን ያድራሉ። ባዶ ያደረ ክፍል ደግሞ በማግሥቱ ሊሸጥ የማይችል ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ባለ ሆቴሉ በእነዚህ ቀኖች ዋጋ ለመቀነስ ፈቃደኛ የሚሆንበት ምክንያት አለው።

የቀረው እንቅፋት የልጆች ትምህርት ነው። ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት በሐምሌና በነሐሴ ይውላል፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ እንጦጦን ጉምና ዝናብ ስለሚሸፍነው ለሕፃናት አይመችም። ስለዚህ ለዚህ ተራራ የሚስማማው በሁለቱ የትምህርት ወቅቶች መካከል ያለው አጭር ዕረፍት ነው፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ መሬቱም ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ብርዱ የጸና ስለሚሆን ጋቢና ብርድ ልብስ ይዞ መውጣት ይገባል። ከመሄድ በፊትም ሦስት ነገር አስቀድሞ መጠየቅ አስፈላጊ ነው፤ ዋጋው በክፍል ነው ወይስ በሰው? ለልጆች ጭማሪ አለው ወይስ የለውም? የሥራ ቀን ዋጋ ከበዓል ቀን ዋጋ ይለያል ወይስ አይለይም? እነዚህን የሚጠይቅ አባወራ ከኋላ ጸጸት ይድናል፤ ጠያቂ ሲበዛም ባለ ሆቴሉ መልሱን ማዘጋጀት ይለምዳል።

በመጀመሪያ ላይ ለእንግዳው የሚከፍለው ማን ነው? ብለን ጠይቀን ነበር። በጥንት ዘመን አሳዳሪው ከፈለ፤ በቤተ መንግሥት እንግዳ ጊዜ ገባሩ ከፈለ፤ ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ወዲህ እንግዳው ራሱ መክፈልን ተማረ። በዚህ በእኛ ዘመን የሚቀረው ሥራ የሚከፈለው ዋጋ ከከፋዩ ደመወዝ ጋር እንዲተዋወቅ ማድረግ ነው። አያቶቻችን ለማያውቁት መንገደኛ ደጃቸውን የከፈቱት ባለጠጎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ያላቸውን በልክ ማካፈል ስላወቁ ነው። ያን ልክ በንግድ ሥራ ውስጥ ያገኘ ባለ ማደሪያ ራሱን ሳይጎዳ ጎረቤቱን ይጠቅማል፤ የጉለሌም ልጅ እንጦጦን ከሥር ሆኖ ከማየት አልፎ፥ ንጋቱን ከአናቱ ላይ ከወላጆቹ ጋር ለማየት ይበቃል።